አና ኮልማን ላድ፦ በምን ፊቴ ለሚሉ ሰዎች ፊት የሠራች ቀራፂ



በዚህ ቡለቲን ገጾች ላይ የሚወጡት የሕይወት ታሪኮች አብዛኛውን ጊዜ የመሪዎች፣ የደራስያንና የጦር ሰዎች ታሪኮች ናቸው። እኛ በሕክምና ትምህርት ላይ የምንገኘው አባሎች ተራው ሲደርሰን የመረጥነው ግን ሐኪም እንኳ ያልነበረች አንዲት ቀራፂ ነች። ምክንያታችንን አስቀድመን መግለጽ ይገባናል። በመማሪያ መጻሕፍታችን ውስጥ ፊትን ስለ መክፈትና ስለ መስፋት ብዙ ምዕራፎች አሉ። ተሰፍቶም አፍንጫው ወይም ጆሮው የማይመለስለት ሰው ከሆስፒታል በር ከወጣ በኋላ ወደ ገበያ፣ ወደ ለቅሶና ወደ ሠርግ እንዴት እንደሚሄድ የሚነግረን ገጽ ግን ጥቂት ነው። በአገራችን የኀፍረትን ነገር ስንናገር በምን ፊቴ እንላለን። ለእነዚህ ሰዎች ይህ አባባል ዘይቤ አይደለም፤ ቃል በቃል እውነት ነው።

ጥያቄው የቅንጦት እንዳይመስል ሁላችንም የምናውቀውን እናስታውስ። ሕፃናት ከምድጃ ላይ ይወድቃሉ፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰውም እንዲሁ። በገጠር ጅብ ከሰው ፊት ላይ ይነክሳል። ሥጋ ደዌ ሳይታከም ሲቆይ የአፍንጫን ድልድይ ያፈርሳል። ኖማ የተባለው፣ በምግብ እጥረት የተዳከሙ ሕፃናትን ጉንጭና ከንፈር የሚበላው በሽታ፣ የዓለም የጤና ድርጅት ችላ በተባሉት የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው ገና በ2023 መጨረሻ ነው። ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን የአገራችን ክፍል በተካሄደው ጦርነት ጥይትና ፍንጣሪ ፊታቸውን የወሰደባቸው ወጣቶችም አሉ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለጠፋ ፊት ምትክ መፈለግ እኛ ለምንማርበት ምድርም እንግዳ ነገር አይደለም። በሐዲስ መጻሕፍት ተመዝግቦ የሚገኝ፣ እዚህ ጅዳ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያውቀው ታሪክ አለ። ዐርፈጃ ቢን አስዐድ የተባለ ሰው ከእስልምና በፊት በነበረው የኩላብ ውጊያ ላይ አፍንጫውን አጣ። በምትኩም የብር አፍንጫ አሠራ፤ ብሩ ግን ሸተተበት። ነቢዩ ሙሐመድም የወርቅ አፍንጫ እንዲያሠራ አዘዙት። የሕግ ሊቃውንት ወርቅ መልበስ ለወንድ ባልተፈቀደበት ሥርዓት ውስጥ ችግር ሲገጥም ምን እንደሚፈቀድ ለማሳየት ይህን ታሪክ ይጠቅሱታል። እኛ ደግሞ በተማሪነታችን የምናነብበት ሌላ መንገድ አለን። ብር ድኝ ካለበት ነገር ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል፤ የሰው ፈሳሽና ላብ ደግሞ ድኝ አያጣም። ወርቅ ግን በዚህ አይነካም። ስለዚህ ታሪኩ አንድ ዕቃ ከሌላው ጋር፣ በተለይም ከሕያው ሥጋ ጋር፣ ይስማማል ወይስ አይስማማም ስለሚለው ጥያቄ ከምናውቃቸው የጥንት ታሪኮች አንዱ ነው። አና ላድም ዕድሜዋን ሙሉ ባይሆንም የዕድሜዋን ዋና ሁለት ዓመታት የሰጠችው ለዚሁ ጥያቄ ነበር።

አና ኮልማን ዋትስ በጁላይ 15 ቀን 1878 በአሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ፣ ፊላደልፊያ አጠገብ በምትገኘው ብሪን ማር ተወለደች። የተቸገረ ቤት ልጅ አልነበረችም። ቅርጻ ቅርጽን በፓሪስና በሮም ተማረች። በ1905 ሜይናርድ ላድ የተባለ የሕፃናት ሐኪም አግብታ ቦስተን ገባች፤ እዚያም ቤላ ፕራት ከተባለው ቀራፂ ዘንድ ትምህርቷን ቀጠለች። ለአትክልት ቦታዎችና ለፏፏቴዎች የሚሆኑ ምስሎች ትሠራ ነበር፤ ሁለት ልብ ወለድ መጻሕፍትም በ1912 እና በ1913 አሳትማለች። ከሥራዎቿ የታወቀው የትሪቶን ሕፃናት የተባለው የነሐስ ምስል ሲሆን በ1915 በሳን ፍራንሲስኮ በተደረገው ታላቅ ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ ቀርቧል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን በእኛ ግምት ጦርነቱ ባይመጣ ኖሮ ስሟ ከቦስተን የሥነ ጥበብ ወዳጆች ክበብ ርቆ አይሰማም ነበር።

ጦርነቱ በ1914 ተነሣ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት የምሽግ ጦርነት ነበር። ወታደሩ አካሉን ጉድጓድ ውስጥ ቀብሮ ጭንቅላቱን ከአፈር በላይ ያወጣል፤ የመድፍ ፍንጣሪና የመትረየስ ጥይት የሚያገኙትም ያንኑ ነው። ከፈረንሳይ በኩል ብቻ ፊታቸው ክፉኛ የተጎዳ ወታደሮች ከ10,000 በላይ ነበሩ። ከእነዚህም አብዛኞቹ ገበሬዎችና ወዛደሮች ነበሩ፤ ጦርነቱን ያወጁት ሰዎች ፊት ግን እንደ ነበረ ቆይቷል። የቁስል ሕክምና ስለ ተሻሻለ ቀድሞ ይሞት የነበረው ሰው አሁን ይድናል፤ ሲድን ግን አገጭ ወይም አፍንጫ የለውም። በእንግሊዝ አገር ሃሮልድ ጊሊስ የተባለው ሐኪም ከሰውየው ከራሱ አካል ቆዳ እያነሣ ፊት መልሶ የመሥራትን ቀዶ ሕክምና ያራመደው በዚያን ጊዜ ነው። ሆኖም ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ቢላዋ የሚደርስበት ወሰን ነበረው። ከወሰኑ ወዲያ የቀሩት ሰዎች በሆስፒታሎች መስተዋት በሌለባቸው ክፍሎች ውስጥ ይኖሩ ነበር።

ለእነዚህ ለቀሩት መጀመሪያ ያሰበው እንግሊዛዊው ቀራፂ ፍራንሲስ ደርዌንት ዉድ ነው። ዕድሜው ለውጊያ ስላለፈ በሎንዶን ዋንድስወርዝ በሚገኘው ወታደራዊ ሆስፒታል በአስታማሚነት ተመደበ። ሥራው ለተሰበረ እጅና እግር መደገፊያ መሥራት ነበር። ከዚያ ግን የቀራፂነት ሙያውን ወደ ፊት አዞረውና በ1916 የፊት ጭምብል የሚሠራ ክፍል አቋቋመ። ወታደሮቹ በቀልድ የቆርቆሮ አፍንጫ ሱቅ ይሉት ነበር። አና ላድ ስለዚህ ሥራ የሰማችው በ1917 ነው። በዚያው ዓመት ባሏ በቱል ከተማ የአሜሪካ ቀይ መስቀልን የሕፃናት አገልግሎት እንዲመራ ወደ ፈረንሳይ ሲላክ እሷም ተከተለች። ከዉድ ጋር ተማክራ በቀይ መስቀል ድጋፍ በፓሪስ በኖትር-ዳም-ዴ-ሻን መንገድ የራሷን ስቱዲዮ ከፈተች። ሥራው በ1918 በሙሉ ኃይሉ ተጀመረ።

ስለ ስቱዲዮው የተጻፉትን ስናነብ በመጀመሪያ ያስደነቀን አቀባበሉ ነው። ክፍሉ ሰፊና ብርሃን የሚገባበት ሲሆን አበባና ባንዲራ ተደርጎበታል። የሚመጣው ወታደር ወይን ወይም ቸኮላት ይቀርብለታል፤ ዶሚኖ ይጫወታል። ሠራተኞቹ ፊቱን ሲያዩ እንዳይደነግጡ ራሳቸውን አሠልጥነዋል። ወታደሩ በመንገድ ላይ ሲሄድ ሰው ፊቱን የሚያዞርበት፣ ምናልባትም ለወራት ማንም ዐይኑን አይቶ ያላነጋገረው ሰው ነው። በየዎርዱ ከመምህር ኋላ ተሰልፈን በታማሚው አልጋ ዙሪያ የምንቆም ሰዎች ከዚህ የምንማረው አለ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ ሥራው በዝርዝር ካልታየ የሴትዮዋ ብልሃት አይታይም። የመጀመሪያው ተግባር የተጎዳውን ፊት ቅርጽ መውሰድ ነው። ቁስሉ ፈጽሞ ከዳነ በኋላ ፊቱ በቅባት ይታሻል፤ ዐይንና ቅንድብ ይሸፈናል፤ ከዚያ ጀሶ በውሃ ተበጥብጦ ፊቱ ላይ ይፈስሳል። ጀሶ ሲጠነክር ይሞቃል። ሰውየው በጨለማ ውስጥ፣ ፊቱ እየሞቀና እየከበደ፣ በጠባብ ቀዳዳ እየተነፈሰ ይጠብቃል። በምሽግ ውስጥ አፈር ተደርምሶበት ለነበረ ወታደር ይህ ቀላል አልነበረም። ቅባቱ እንደ ትንሽ ነገር ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ቅባት ካልተቀባ ጀሶው ጸጉርና ቅንድብ ነቅሎ ይነሣል። ማናቸውም ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) ሁለት ግዴታ አለበት፦ የነካውን ነገር ቅርጽ በታማኝነት መያዝና ከያዘ በኋላ መልቀቅ። ሁለቱን የሚያስታርቀው ብዙ ጊዜ በመካከል የሚቀባው ስስ ነገር ነው።

ከዚህ ጀሶ ላይ ሁለተኛ ቅርጽ ይወጣል፤ በእሱም ላይ አና ላድ በጭቃ ወይም በፕላስቲሲን የጠፋውን የፊት ክፍል ትቀርጻለች። ከጦርነቱ በፊት የተነሣውን ፎቶግራፍ ትመለከታለች፤ ፎቶግራፍ ከሌለ ደግሞ ከቀረው ፊት፣ ከአነጋገሩና ከአስተያየቱ ትገምታለች። አፍንጫ ብቻ መሥራት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የሰው አፍንጫ ከአገጩና ከግንባሩ ጋር ካልተናገረ የሌላ ሰው አፍንጫ ሆኖ ይቀራል። የቀራፂነቷ ትርፍ የታየው እዚህ ላይ ነው።

ቅርጹ ሲያልቅ ወደ ብረት መለወጥ አለበት። ለዚህ የመረጡት ጉታ ፐርቻ የተባለውን ከዛፍ የሚገኝ ሙጫ መሰል ነገር ነው፤ የጥርስ ሕክምና የሚያጠኑ ጓደኞቻችን የጥርስ ሥር ለመድፈን እስከ ዛሬ ስለሚጠቀሙበት ያውቁታል። ምርጫው እንዲያው የመጣ አልነበረም። መዳቡ በመዶሻ አይቀጠቀጥም፤ የመዳብ ጨውና አሲድ ባለበት ገንዳ ውስጥ በኤሌክትሪክ ኃይል ቀስ በቀስ እየተንጠባጠበ በሞልዱ ላይ ይለብሳል። ጀሶ ራሱን በገንዳው ውስጥ ቢነክሩት ፈሳሹን ጠጥቶ ይበላሻል። ጉታ ፐርቻ ግን በሙቅ ውሃ ሲለሰልስ የቆዳን ጥቃቅን መስመር ሳይቀር ይይዛል፤ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ አሲዱም አይነካውም። ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ላዩ ላይ የሚያስተላልፍ ስስ ነገር ይቀባል። ከገንዳው የሚወጣው የመዳብ ቆዳ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ፣ ክብደቱም ፊቱን እንደሚሸፍነው መጠን ከ110 እስከ 250 ግራም የሚሆን ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። ይህን ስናነብ ስለ ሰምና ወርቅ ማሰባችን አልቀረም። በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ የምንለው ነገር ስሙን ያገኘው ከአንጥረኛው ቤት ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ጌጥ በሰም ይሠራል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃውን ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ የቀለጠ ወርቅ ይፈስሳል። ሰም የተመረጠው ሳይጣላ ስለሚወጣ፣ ጭቃ የተመረጠውም የወርቁን ሙቀት ስለሚችል ነው። ቅኔውን ያከበርነውን ያህል አንጥረኛውን አለማክበራችን፣ ቡዳ ነው ብለን ማግለላችን፣ ያሳፍራል። በቁሳቁስ ዕውቀት ረገድ ከአና ላድ ስቱዲዮ የማያንስ ትምህርት ቤት በየመንደራችን ነበረን።

ወደ ፓሪስ እንመለስ። የመዳቡ ጭምብል ከሰውየው ፊት ጋር በመነጽር ክፈፍ ይያያዛል፤ መነጽሩም ከጆሮ ላይ ይሰቀላል። ከዚያ ቀለም መቀባት ይመጣል። አና ላድ የምትቀባው ጭምብሉን ሰውየው እንዳጠለቀው ነው። የሰው ቆዳ በፀሐይ ቀንና በደመና ቀን አንድ ዓይነት አይደለም፤ ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ቀለም ትመርጣለች። በተላጨ ጉንጭ ላይ የሚታየውን ሰማያዊ ጥላ ሳይቀር ታስገባለች። ተራ የዘይት ቀለም በመዳብ ላይ ይሰነጠቃል፤ በዚህም ምክንያት የሚታጠብና የማያብለጨልጭ የኢናሜል ቀለም ተጠቀመች። ቅንድብ፣ ሽፋሽፍትና ጢም ከእውነተኛ ጸጉር ይተከላል። አንዱን ጭምብል ለመጨረስ አንድ ወር ገደማ ይፈጅ ነበር። ከረዳቶቿ አንዷ ራሷ የታወቀች ቀራፂ የነበረችው ፈረንሳይዊቷ ጄን ፑፕሌ ነች። እስከ 1919 መጨረሻ ድረስ ከስቱዲዮው የወጡት ጭምብሎች 185 ያህል ናቸው።

ቁጥሩን ከ10,000 ጋር ስናስተያየው ትንሽ ነው። ይህን መሸፋፈን አንፈልግም። በበጎ ፈቃድ ገንዘብ የሚተዳደር፣ አንድ ሠዓሊ ለአንድ ሰው አንድ ወር የሚደክምበት ሥራ የጅምላ ጦርነት ያስከተለውን ጉዳት ሊሸፍን አይችልም። ግን ደግሞ 185ቱ ሰዎች ባቡር ተሳፍረዋል፤ ልጆቻቸው ሳይሸሹ ተቀብለዋቸዋል፤ ሥራ ለመጠየቅ ደጅ ቆመዋል። ለስቱዲዮው የተላኩ የምስጋና ደብዳቤዎች ይህን ይመሰክራሉ።

ጭምብሉ ጉድለት ነበረው። አይስቅም፤ አይቆጣም፤ አያኝክም። ሰውየው ሲያረጅ አብሮት አያረጅም። በብርድ ይቀዘቅዛል፣ በፀሐይ ይግላል። ቀለሙ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይላላጥ ነበር፤ ዛሬም ከነዚያ ጭምብሎች በየቤተ መዘክሩ የቀሩት ጥቂት ናቸው። በእኛ አስተያየት አና ላድ ከጀሶ እስከ ጉታ ፐርቻ፣ ከጉታ ፐርቻ እስከ መዳብ ያለውን ሰንሰለት እያንዳንዱ ቀለበት ከሚቀጥለው ጋር እንዲስማማ አድርጋ አስተካክላዋለች። ሳይስማማ የቀረው የመጨረሻው ቀለበት ብቻ ነበር፤ እሱም መዳቡ ከሕያው ፊት ጋር የሚገናኝበት ነው። ለዚያ የሚሆን ዕቃ በዘመኗ አልነበረም።

የማይስማማ ቆዳ የለበሰ አካል ምን እንደሚሆን ለማየት እኛ እዚህ ጅዳ ያለን ሰዎች ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በአል-ባላድ፣ ከባብ መካ በስተ ውስጥ ያሉትን አሮጌ ቤቶች ልብ ብለን እንመልከት። ግድግዳቸው ከቀይ ባሕር የተቆረጠ የዛጎል ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ጨውና እርጥበት አለው፤ ይተነፍሳል። የጥንት ግንበኞች የለሰኑት አብሮት በሚተነፍስ ኖራና ጀሶ ነበር። በኋላ ዘመን ሲሚንቶ የተለሰነበት ግድግዳ ግን ከላይ ጠንካራና ንጹሕ መስሎ እርጥበቱንና ጨውን ከውስጥ አፍኖ ይይዛል፤ ድንጋዩም ከልስኑ ኋላ ዱቄት ይሆናል። ሠፈሩ በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገባ ወዲህ የሚደረገው ጥገና ከሚታገላቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ለድንጋይ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ለሥጋ እንዴት ይብስ!

አና ላድ ያላገኘችው ዕቃ ሲሊኮን ነው። ስሙን ያወጣለት በኖቲንግሃም ያስተማረው ኬሚስት ፍሬደሪክ ኪፒንግ (1863–1949) ሲሆን እሱ ራሱ ነገሩ ለኑሮ ይጠቅማል ብሎ ብዙ ተስፋ አላደረገም ነበር። በ1960 ባርንሃርት የተባለ ሰው የሲሊኮን ጎማን ለፊት ምትክ እንዴት ማዋልና ማቅለም እንደሚቻል አሳየ፤ ከዚያ ወዲህ የመዳብና የሌሎች ደረቅ ዕቃዎች ዘመን አለፈ። ሲሊኮን ለስላሳ ነው፤ ቀለም ከውስጡ ጋር ይቀላቀላል እንጂ ከላይ ብቻ አይቀባም፤ ጠርዙም ስለሚሳሳ ከቆዳ ጋር ተዋሕዶ ይጠፋል። አሠራሩም በሚገርም ሁኔታ ወደ አንጥረኛችን ይመልሰናል። የጠፋው አፍንጫ በሰም ይቀረጻል፤ የጥርስ ሐኪሞች በሚጠቀሙበት ጠንካራ ጀሶ ይለበጣል፤ ሰሙ በሙቅ ውሃ ይወጣል፤ በቦታው ሲሊኮን ይሞላል።

ሆኖም ሲሊኮን ራሱ መራጭ ነው፤ የሚፈስስበትን ሞልድ በከንቱ አንምረጥ። በቆዳ ላይ ለሚውል ሥራ የሚመረጠው ዓይነት በፕላቲነም አማካይነት የሚረጋው ነው። ፕላቲነሙ ደግሞ ሥራውን የሚያስተወው ጠላት አለው፤ ዋናው ጠላቱ ድኝ ነው። የዐርፈጃን ብር ያጠቆረው ድኝ እዚህም ተመልሶ መጣ። ብዙ የቀራፂዎች ፕላስቲሲን ድኝ አለበት፤ ስለዚህ ለመዳብ ገንዳ አገልግሎት የሰጠው ፕላስቲሲን ዛሬ ከሲሊኮን ጋር ቢነካካ ሲሊኮኑ ዘላለም የሚያጣብቅ ሙጫ ሆኖ ይቀራል። በቆርቆሮ ውሕድ አማካይነት በሚረጋው በሌላው የሲሊኮን ዓይነት የተሠራ ሞልድም እንዲሁ ያበላሸዋል። አንዳንድ ኢፖክሲና አዲሶቹ የማተሚያ መኪና ሙጫዎችም በሚገባ ካልደረቁ ከዚሁ ወገን ናቸው። እኛን የሚመለከተው ደግሞ ይህ ነው፦ በዎርድ ውስጥ የለመድነው የላቴክስ ጓንት ከድኝ ጋር የተሠራ ጎማ ስለሆነ በእሱ ሲሊኮን ማቡካት የአንድ ሳምንት ድካም ማጥፋት ነው። የቪኒል ጓንት ያሻላል።

ጀሶ ድኝ በሰልፌት መልክ ቢኖርበትም ሲሊኮኑን አይጎዳም፤ ርካሽ ነው፤ ቅርጽም ይይዛል። ነገር ግን እርጥብ ከሆነና ሲሊኮኑን ለማርጋት ምድጃ ውስጥ ከገባ እንፋሎቱ አረፋ ያወጣል። በመሆኑም መድረቅ፣ ቀዳዳው በሚለብስ ነገር መደፈን፣ ከዚያም በሳሙና ውሃ ወይም ለዚሁ በተሠራ ስስ ማለያያ መቀባት አለበት። ሲሊኮን ከሲሊኮን ጋር ግን ያለ ማለያያ ከተገናኘ አንድ አካል ሆኖ ይጣበቃል፤ ከጀሶና ከብረት ጋር ይህን ያህል አይጣበቅም። ስለ ሞልድ ምርጫ ከሁሉ የሚረክሰው ፈተና ጠብታ ማድረግ ነው፦ ጥቂት ሲሊኮን በሞልዱ ጫፍ ላይ አድርጎ ማደር፤ በማግስቱ በጣት ሲነኩት የሚያጣብቅ ከሆነ ሌላ ሞልድ መፈለግ። በአል-ባላድ ሱቆች ለሻማና ለሳሙና መሥሪያ የሚሸጥ በሁለት ጣሳ የሚመጣ ሲሊኮን አለ። ለልምምድ ጥሩ ነው፤ ለሰው ቆዳ የተሠራ ስላልሆነ ግን ከዚያ ወዲያ መሄድ የለበትም።

ይህን ሁሉ ካሟላን በኋላም የሲሊኮን አፍንጫ ዘላለማዊ አይደለም። ፀሐይ ቀለሙን ታነጣዋለች፤ ጠርዙ ይቀደዳል፤ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ መለወጥ ያስፈልጋል። በመሆኑም ጥያቄው አንድ ጊዜ ውጭ አገር ወስዶ አፍንጫ ማሠራት አይደለም። ከፍኖተ ሰላም ወይም ከሰቆጣ የመጣ ገበሬ በየሁለት ዓመቱ የት ሄዶ ያስለውጥ የሚለው ነው። ጀሶና ሰም አገራችን አለ። ቀራፂዎችና የጥርስ ላቦራቶሪ ሠራተኞችም አሉን። ሲሊኮኑ ብቻ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። ከየትምህርት ክፍላችን የተሰበሰብን ሰዎች፣ ኬሚስቱም ቀራፂውም ሐኪሙም፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቁጭ ብለን ልንነጋገርበት የምንችለው ጉዳይ ነው፤ አና ላድ የጀመረችውም ከዚህ በላቀ ዝግጅት አልነበረም።

የእሷን የቀረ ታሪክ በአጭሩ እንጨርስ። ጦርነቱ በኖቬምበር 1918 ካበቃ በኋላ ወደ አሜሪካ ተመለሰች፤ ስቱዲዮው በሌሎች እጅ ጥቂት ቆይቶ በ1920 ገንዘብ እያጣ ተዳከመ። የዉድ ክፍል በ1919 ተዘግቶ ነበር። ፊታቸው የተጎዳው ፈረንሳውያን ወታደሮች ግን በ1921 የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፤ ፊታቸውን ሳይሸፍኑ በአደባባይ መሰለፍም ጀመሩ። ይህን ስንሰማ ጭምብሉ ያስፈልግ ነበር ወይ ብለን መጠየቃችን አልቀረም። መልሳችን ምርጫው የባለቤቱ ነው የሚል ነው፤ ለመምረጥ ግን ጭምብሉ መኖር አለበት።

አና ላድ ቦስተን ውስጥ ወደ ቅርጻ ቅርጿ ተመልሳ የጦርነት መታሰቢያዎችን ሠራች። የሰርቢያ መንግሥት የቅዱስ ሳቫን ኒሻን፣ የፈረንሳይ መንግሥት ደግሞ በ1932 የሌዢዮን ዶነር ኒሻን ሸልመዋታል። የትሪቶን ሕፃናት ምስሏ በቦስተን የሕዝብ አትክልት ቦታ በፏፏቴ መካከል ቆሟል። በ1936 ከባሏ ጋር ወደ ካሊፎርንያ ሄደች። በሳንታ ባርባራ ከተማ በጁን 3 ቀን 1939 ስትሞት ዕድሜዋ 60 ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊነሣ ሦስት ወር ቀርቶት ነበር።